ጂቲኦዬን ያበላሸኋት አይመስለኝም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት እትም በፊት በአንባቢያን ገጽ ያወጣችሁትን ደብዳቤ ያነበብኩት ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ነው። እውነቱን ልናገርና ጋዜጣችሁን ጠረጴዛ ላይ ያነጠፍኩት ካርቡራቶር ልፈታበት ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ። ሁልጊዜ አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው የማነጥፈው፤ የዚያን ቀን ግን ያ ገጽ አምልጦኝ ኖሯል። ቤንዚን ጠብ ሳይልበት ዓይኔ «አሮጌ መኪና» የሚለው ላይ አረፈ። ካርቡራቶሩን ትቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ጸሐፊው ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ የድሮ የአሜሪካ መኪና ገዝቶ ፋብሪካው ያልሰጣትን ኦቨርድራይቭ (ፈጥነህ ስትሄድ ሞተሩ ዙሩን ቀንሶ እንዲያርፍ የሚያደርግ ተጨማሪ ማርሽ) መግጠም ቅርስ ማበላሸት ነው። ሁለተኛ፣ ስንት ጉዳይ እያለ በዚህ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ጅልነት ነው። በሁለተኛው ብዙም አልከራከርም። የመጀመሪያው ግን ከነከነኝ፤ የተባለውን ነገር ያደረግሁት እኔው ነኛ! ጸሐፊው አያውቁኝም። ሳነበው ግን ጓሮዬ ገብተው አይተው የወጡ ነው የመሰለኝ።

መኪናዋ የ1967 ፖንቲያክ ጂቲኦ ናት። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታችም የምጠቅሰው እንደዚያው ነው። በእኛ 59 መሆኑ ነው። እኔም የ59 ልጅ ነኝ። ባለቤቴ «ሁለታችሁም ጠዋት ሳታስሉ አትነሱም» ትለናለች።

ዋሽንግተን ታክሲ ስነዳ ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው ወደ ልጅነት ሙያዬ የተመለስኩት። አሁን የምሠራው እዚሁ አሌክሳንድሪያ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። መኪናዋን የሸጡልኝ የቆዩ ደንበኛችን ናቸው። ጉልበታቸው ታሞ መንዳት አቆሙ፤ ልጆቻቸው ደግሞ ለአሮጌ መኪና ግድ የላቸውም። ስንት እንደከፈልኩ አልጽፍም። ባለቤቴ ይህን ጋዜጣ ታነባለች።

ለማያውቃት ትንሽ ልበል። ፖንቲያክ በ1964 ጆን ዴሎሪያን ዋና መሐንዲስ ሳለ ቴምፐስት ለማንስ የምትባለው መካከለኛ መኪና ላይ ትልቁን ባለ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ጫነና ጂቲኦ አላት። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ሸጠ። ብዙ ሰው የመስል ካር (የጉልበተኛ መኪና) ዘመን የተጀመረው በእሷ ነው ይላል። የእኔዋ 400 ኪዩቢክ ኢንች ናት፤ 6.6 ሊትር ገደማ። 335 የፈረስ ጉልበት። ላይዋ ላይ አራት ጉሮሮ ያለው ሮቸስተር ካርቡራቶር ተቀምጧል። (እሱን ነበር ጋዜጣችሁ ላይ ልፈታው የነበረው።) ካምቢዮዋ ኦቶማቲክ ነው፤ ተርቦ ሃይድራማቲክ 400 ይባላል። ባለ ሦስት ማርሽ። ማርሽ መቀየሪያዋ ደግሞ ኸርስት የሠራው ባለ ሁለት መንገድ ነው። በአንዱ መንገድ እንደማንኛውም ኦቶማቲክ ዲ ላይ ጥለህ ትሄዳለህ። በሌላው በኩል እያንዳንዱን ማርሽ በእጅህ ጠቅ ጠቅ እያደረግህ ታወጣለህ። ያኔ በማስታወቂያ «የእሱና የእሷ» ይሉት ነበር። ባለቤቴ ይህን ስነግራት «የኔው የትኛው ነው?» አለችኝ። መልስ አልሰጠሁም። እስካሁንም አልሰጠሁም።

እንግዲህ ችግሩ ሃይዌይ ላይ ነው።

የእኔዋ ዲፈረንሲያል 3.55 ነው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለር ሻፍቱ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ኃይሉን የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ) ሦስት ጊዜ ተኩል ከምትላት ትንሽ አልፎ ይዞራል ማለት ነው። ከመብራት ስትነሳ ይኼ ጸጋ ነው፤ ወንበሩ ጀርባህን ይገፋሃል። ካምቢዮው ግን ሦስተኛው ማርሽ ላይ አንድ ለአንድ ነው። ከዚያ በላይ የለውም። ስለዚህ ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አያርፍም። ሒሳቡ ቀላል ነው። ፍጥነቱን በማይል ውሰድ፣ በዲፈረንሲያሉ አባዛ፣ በ336 አባዛ፣ ለጎማው ቁመት በኢንች አካፍል። የእኔ ጎማ 27 ኢንች ነው። በ65 ማይል ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,900 ዙር ይዞራል። በ70 ማይል 3,100 ይደርሳል። ሞተሩ ይህን አይፈራም፤ ጠንካራ ብረት ነው። የሚሰቃየው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው። ማርሚታው የሚያወጣው ጉርምርምታ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ደስ ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ራስ ያዞራል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከመኪናው ወርደህም ጆሮህ ውስጥ ይቀጥላል።

ለምን እንደዚህ ሠሯት? ቤንዚን ርካሽ ነበር። ገዢውም የሚፈልገው ከመብራት መነሳቱን ነው። ኋላ በ1973 የነዳጅ ማዕቀብ መጣ፣ በ1974 መጀመሪያ ላይ የፍጥነት ወሰኑ በሕግ 55 ማይል ሆነ። ያ ሕግ የተነሳው በ1995 ነው። ዛሬ በ65 እና በ70 መንገድ ላይ በ55 ብትሄድ ከኋላህ ያለው ከባድ መኪና መስታወትህን ሞልቶ ይታይሃል።

እዚህ ላይ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ገደማ ጋራዥ ረዳት ሆኜ ስገባ ክሪክ ማቀበልና ቡሎን በቤንዚን ማጠብ ነበር ሥራዬ። አንድ ቀን የእርዳታ ድርጅት ላንድሮቨር መጣ። ከታወቁት ማንሻዎች ሌላ አንድ ትርፍ አጭር ማንሻ ነበራት። እኛ ልጆቹ ተሰብስበን አየናት። አንዱ የክሬን ነው አለ፣ አንዱ ለጭቃ ነው አለ። አለቃችን ከሥር ገብተው አዩና ወጡ። «ይቺ ለመውጫ አይደለችም፤ ለመሄጃ ናት» አሉን። ሜዳ ላይ ከደረስክ በኋላ ሞተሩን የምታሳርፍበት ማለታቸው ነው። ብዙ ቆይቼ ነው ዕቃው ፌይሪ የሚባለው የእንግሊዝ ኦቨርድራይቭ መሆኑን ያወቅሁት። አለቃዬ እንግሊዝኛ አያነቡም ነበር። ማርሾቹን ቆጥረው ነው የደረሱበት።

ለጂቲኦዋ መፍትሔ ስፈልግ ያቺ ማንሻ ትዝ አለችኝ።

መንገዱ አንድ ብቻ አልነበረም። ርካሹ ዲፈረንሲያሉን ቀይሮ ወደ 2.93 ወይም 2.56 ማውረድ ነው። ሃይዌይ ላይ ጸጥ ትላለች፤ ከመብራት ስትነሳ ግን ጂቲኦነቷ ይቀራል። ሌላው ካምቢዮውን አውጥቶ የፖንቲያክ እናት ኩባንያ ጂኤም ራሱ በ1981 ያወጣውን 200-4አር የሚባለውን ባለ አራት ማርሽ መጫን ነው። ከፖንቲያክ ሞተር ጋር ይገጥማል፤ አራተኛው ማርሹ 0.67 ነው። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል፤ ጥሩም ነው። ግን ከካርቡራቶሩ ወደ ካምቢዮው የምትሄድ አንዲት ኬብል አለችው። እሷ በትክክል ካልተስተካከለች ካምቢዮው ውስጥ ግፊት ያንሳል፤ ክላቹ ይቃጠላል። ለደንበኛ ስሠራ የተቃጠለ አይቻለሁ። ከዚህ በላይ ደግሞ ያ የኸርስት ማርሽ መቀየሪያ የተሠራው ለሦስት ማርሽ ነው። አራተኛ ቦታ የለውም። እሱን መንቀል አልፈለግሁም። ቅርስ የሚለው ቃል እኔም ጋ አለ ለማለት ነው።

የመረጥኩት ጊር ቬንደርስ የሚባለውን ኦቨርድራይቭ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤል ካሆን ይሠራል። ካምቢዮው እንዳለ ይቆያል። ከኋላው ያለውን ጅራት ቤት (የካምቢዮውን የኋላ መሸፈኛ) ትፈታለህ፣ በቦታው ይኼን ዕቃ ታስራለህ፣ ከኋላው ፕሮፔለር ሻፍቱ ይገባል። የራሱ ዘይት አለው፤ ከካምቢዮው ዘይት ጋር አይገናኝም።

ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ይኼን ክፍል የማይወድ አንድ አንቀጽ ይዝለል። መሐል ላይ አንድ ማርሽ አለ። ዙሪያውን ትንንሽ ማርሾች ይዞሩታል። እነሱን ደግሞ ውስጡ ጥርስ ያለው ትልቅ ቀለበት ከቧቸዋል። ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ የሚያዞረው ትንንሾቹን የተሸከመውን ቤት ነው፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ደግሞ ቀለበቱ ነው። በተለመደው ጊዜ ጠንካራ ሞላዎች የሾጣጣ ቅርጽ ያለውን ክላች ገፍተው የመሐሉን ማርሽና ቀለበቱን ያስተሳስሯቸዋል። ሁሉም አብሮ ይዞራል፤ አንድ ለአንድ ነው። ቁልፉን ስትጫን አንድ ቫልቭ ይከፈታል። የዘይት ግፊቱ ክላቹን ስቦ ከማይንቀሳቀሰው አካል ጋር ያጣብቀዋል። አሁን የመሐሉ ማርሽ ቆመ። ትንንሾቹ በቆመው ላይ እየተንከባለሉ ቀለበቱን ከራሳቸው አስበልጠው ያዞሩታል። ሞተሩ 78 ገደማ ሲዞር ሻፍቱ 100 ይዞራል። በቃ ይኼው ነው። በመካከሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚይዝ ሌላ ክላች ስላለ ቤንዚኑን ሳትለቅ ይቀይራል።

ሥራውን የሠራነው እኔና አንድ የጎንደር ልጅ ነን፤ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። በአንድ ቅዳሜ ባለቀ ነበር፣ እኔ ባላበላሽ። ላበላሸሁት ማንንም አልወቅስም።

ዕቃው ከኋላ ስለሚረዝም ሻፍቱ ማጠር አለበት። የፋብሪካውን ሻፍት መቁረጥ ስላልፈለግሁ አዲስ ለማሠራት ወሰንኩ። ልክ መውሰድ ነበረብኝ። መኪናዋ ሊፍት ላይ ናት። ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ሜትሬን አወጣሁ፣ ከዕቃው ጫፍ እስከ ዲፈረንሲያሉ ክሮቼራ (ሻፍቱን የሚያያይዘው መጋጠሚያ) ለካሁ፣ በኖራ ግድግዳ ላይ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «ጋሼ፣ መሬት ላይ አውርደን አንለካም?» አለኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «አንተ ሳትወለድ ነው ሻፍት የለካሁት» አልኩት።

ሻፍት የሚሠራው ሱቅ ውስጥ ያለውም ሰውዬ ያንኑ ጠየቀኝ። «መሬት ላይ በክብደቷ ነው የለካኸው?» አዎ አልኩት። ዋሸሁ። ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን አላውቅም።

ሻፍቱ መጣ። ሲያዩት ያምራል፣ ጥቁር ቀለሙ ያብለጨልጫል። ገጠምነው። ልጁ ከሥር ሆኖ ሊፍቱን ቀስ ብሎ አወረደና መኪናዋን ጎማዋ የሚቆምበት መወጣጫ ላይ አስቀመጣት። የኋላው ሞላ ክብደቱን ሲይዝ ዲፈረንሲያሉ ከፍ ሲል ትንሽም ወደ ኋላ ሄደ። ዕቃው ውስጥ የሚንሸራተተው የሻፍቱ ጫፍ አብሮ ተሳበ። ጎርፍ ያጠበው ሥር ይመስል የተወለወለው ብረት ከሚገባው በላይ ወጥቶ ታየ። ልጁ ምንም አላለም። ባትሪውን ብቻ እዚያ ላይ አብርቶ ያዘው። እሱ ዝም ማለቱ ከስድብ ይብሳል። አጥሯል። እንደዚያ ብነዳት በውስጡ የሚይዘው አካል ስለሚያንስ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ሲብስም ይበላ ነበር። ሁለተኛ ሻፍት አሠራሁ፣ በሁለተኛ ገንዘብ። ለሁለተኛው ስለካ መኪናዋ በአራት ጎማዋ መሬት ላይ ነበረች፤ ጫፉ ሙሉ በሙሉ ከተጠቀጠቀበት አንድ ኢንች ያህል መላወሻ ተውኩለት። ያጠረው ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያንጠለጠልኩት እኔ አይደለሁም።

ሌላው ቀላል ነበር። ወለሉ ላይ አንድ ቦታ በመዶሻ ትንሽ መግፋት አስፈልጎናል። ፍጥነት መቁጠሪያው ከዕቃው ኋላ ስለሚነዳ ልክ ሆኖ ቆጠረ። የመጫኛውን ቁልፍ በግራ እግር በኩል ወለል ላይ አደረግሁት፤ የድሮ መኪኖች ረጅም መብራት የሚቀይሩባት ዓይነት ቁልፍ ናት። አንድ ነገር ግን ለማንም አስጠነቅቃለሁ። ወደ ኋላ ስትሄድ ኦቨርድራይቩ ፈጽሞ መያዝ የለበትም። ከያዘ ውስጡ ይሰበራል። የኤሌክትሪክ ሥራውን ለመቀነስ ብላችሁ ሽቦ አትዝለሉ።

የመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነበር። የባለቤቴ እህት ልጅ ክርስትና ነው። አራት መቶ ማይል ገደማ። ባለቤቴ ከዚያ በፊት በዚች መኪና ከባልቲሞር አልፋ አታውቅም፤ «ጆሮዬን ለማን ትቼ?» እያለች። በአውሮፕላን እንሂድ አለች። ለመንኳት። ከፍሬድሪክ በኋላ ጆሮሽ ከጮኸ እመለሳለሁ ብዬ ማልኩ።

በ270 ሃይዌይ ወጥተን ሃይዌይ 70ን ያዝን። 65 ማይል ስደርስ ቁልፏን በግራ እግሬ ነካሁ። ማርሽ ሲገባ የሚሰማው ዓይነት ዱብ የሚል ነገር አልነበረም። አንድ ሰው በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ የወጣ መሰለ። የዙር መቁጠሪያው ከ2,900 ወደ 2,250 ወረደ። ፍጥነታችን ያው። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ትንሽ ቆይታ ከቦርሳዋ ዳቦ ቆሎ አወጣች። እኔም ሰማሁት። ዳቦ ቆሎው ጥርሷ ሥር ቀጭ ሲል ሰማሁት! በዚያች መኪና ውስጥ፣ በዚያ ፍጥነት፣ ከዚያ በፊት የራሴን ድምፅ እንኳ የምሰማው ጮኼ ስናገር ነበር። «ምን ያስቅሃል?» አለችኝ። «ቀጥይ፣ ብይ» አልኳት።

ከሃንኮክ ወደ ሃይዌይ 68 ስትገቡ ተራራው ይጀምራል። ሳይድሊንግ ሂል የሚባለው ቦታ ላይ ጋራውን ለሁለት ሰንጥቀው ነው መንገዱን ያሳለፉት፤ የድንጋዩ ንብርብር እንደ ጎድጓዳ ሳህን ታጥፎ ይታያል። ዳገቱ ረጅም ነው። አጋማሹ ላይ ሞተሩ ከበደው፣ ቤንዚን ስጨምርም አልመለሰም። አለቃዬ ትዝ አሉኝ፤ ለመውጫ አይደለችም ያሉት። ቁልፏን ነካሁ፣ ኦቨርድራይቩ ለቀቀ፣ ያ የድሮው ድምፅ መጣ፣ እየጎተተች ወጣች። ጫፍ ላይ ስንደርስ መልሼ ነካሁ። እስከ ሞርጋንታውን ድረስ እንደዚህ እያልን ሄድን። አንድ ተጨማሪ ጥቅምም እዚያ አገኘሁ። ካምቢዮው ሁለተኛ ላይ ሆኖ ኦቨርድራይቩን ብታስገባ 1.48 የነበረው 1.15 ይሆናል። በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ሌላ ማርሽ አገኘህ ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ላለማቃጠል ይህ ትልቅ ነገር ነው። የፍሬን ነገር ከተነሳ፣ የእኔዋ በአራቱም ጎማ ከበሮ ፍሬን ነበራት። የፊቱን ወደ ዲስክ የቀየርኩት ኦቨርድራይቩን ሳላስብ በፊት ነው። መቆም የማትችል መኪና ላይ መሄጃ የሚጨምር ሰው ካለ ደብዳቤ ጸሐፊው ስለ ጅልነት ያሉትን ለእሱ ቢያደርጉት ይሻላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ዕቃው ከ3,000 ዶላር በላይ ነው። ሁለቱ ሻፍት፣ ዘይቱ፣ ሽቦው፣ አንዳንዱ ነገር ሲደመር 4,300 ገባሁ። በፊት ረጅም መንገድ ላይ በአንድ ጋሎን 12 ማይል ነበር የምትሄደው። አሁን 14 ተኩል ትሄዳለች። በዓመት 3,000 ማይል ብነዳት 43 ጋሎን ይተርፈኛል። ጋሎኑን በ4 ዶላር ተኩል ብናስበው በዓመት ከ200 ዶላር ያነሰ ነው። ገንዘቤን ለመመለስ 22 ዓመት ያስፈልገኛል። 81 ዓመት ሲሞላኝ ትርፍ እጀምራለሁ። ስለዚህ «ቤንዚን ይቆጥባል» ብሎ ኦቨርድራይቭ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ሒሳቡን በፊቱ ሥሩለት። ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። እኔ የገዛሁት ቤንዚን አይደለም፤ ኮሎምበስን ነው።

ቅርስ ማበላሸት የሚለውን ግን አልቀበልም። ኦቨርድራይቭ የትናንት ነገር አይደለም። ክራይስለር ኤርፍሎው ላይ በ1934 ነበረ። ሼቭሮሌ ከ1955 ጀምሮ በትእዛዝ ይሸጠው ነበር። የእኔው ዕቃ አሠራሩ ከእንግሊዛዊው ኤድጋር ደ ኖርማንቪል የመጣ ነው፤ ሼፊልድ ውስጥ ሌይኮክ የሚባለው ፋብሪካ ይሠራው ነበር። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ትራያምፍ፣ ጃጓርና ቮልቮ ላይ ይገጠም ነበር። በ1967 የእኔዋ ከፋብሪካ ስትወጣ አውሮፓ ውስጥ ስንቱ ሰው ይህንኑ ቁልፍ እየነካ ይነዳ ነበር። በዕድሜ ከእሷ የሚበልጥ ዕቃ ገጠምኩላት እንጂ ከእሷ የሚያንስ አይደለም።

ደግሞ ምን ቆረጥኩ? ጅራት ቤቱ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነው። የፋብሪካው ሻፍት ጣሪያው ሥር ተጋድሟል፤ ክሮቼራው እንኳ አልተነካም። ካምቢዮው የራሷ ነው። ማርሽ መቀየሪያው የራሷ ነው። ነገ ብሞት ልጄ በአንድ ቅዳሜ እንደነበረች ሊያደርጋት ይችላል፤ መሬት ላይ አውርዶ ከለካ። የአንቲክ ታርጋ እንኳ ያላወጣሁላት በዚያ ታርጋ እንደ ልብ መንዳት ስለማይፈቀድ ነው። የሸጡልኝ ሰውዬ ለመጨረሻዎቹ ዓመታት በወር አንዴ አስነስተው ሠፈር ዞረው ይመልሷት ነበር። ሃይዌይ ላይ መጮኋ ስለሰለቻቸው እንደሆነ ራሳቸው ነግረውኛል። ባለፈው ኅዳር ቤታቸው ሄጄ ጎናቸው አስቀመጥኳቸውና በ395 ይዣቸው ሄድኩ። ቁልፏን ስነካ ወደ ሞተሩ አቅጣጫ ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ጠፋች እንዴ?» አሉኝ።

ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆኑ እሳቸውንም አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባሳፍራቸው ደስ ይለኛል። ስልኬ አዘጋጁ ጋ አለ። ዳቦ ቆሎ አይጠፋም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለአዘጋጁ ነው። በዚያ ደብዳቤ አጠገብ ያወጣችሁት ፎቶ ሥር «የ1967 ጂቲኦ» የሚል ጽሑፍ አለ። ያቺ ጂቲኦ አይደለችም፤ ሼቬል ናት። የ1967 ጂቲኦ የፊት መብራቶቿ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ነው የቆሙት፤ የሼቬል ጎን ለጎን ናቸው። ብታርሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ